«ጋዝ ሙላልኝ» ከማለታችሁ በፊት፦ የፍሪጅ መኪና ችግርና መፍትሄ

የፍሪጅ መኪና አልቀዘቅዝ ሲል ሹፌሩም ባለንብረቱም አፍ ላይ ቀድሞ የሚመጣው «ጋዙ አልቋል፣ ይሞላ» የሚለው ነው። ጋዝ ግን ናፍጣ አይደለም፤ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ከጭነት ሳጥኑ ሙቀት ይዞ ይወጣል፣ ውጭ አራግፎ ይመለሳል። ካልፈሰሰ ያው ጋዝ ለዓመታት ይሠራል። ከፈሰሰ ደግሞ ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ብር መበተን ነው።

ከባቱ ጽጌረዳ ጭኖ ቦሌ ካርጎ የሚገባውም፣ ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች የፍየል ሥጋ ይዞ የሚወጣውም፣ አቮካዶ ይዞ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውም የሚታመሙት በተመሳሳይ ነገር ነው። አብዛኛው በሽታ ጋዙ ውስጥ የለም። አጫጫን ላይ፣ በር ላይ፣ አቧራ ላይ፣ ባትሪ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ ከታች ያለው በምልክት የተከፋፈለ ነው። የእናንተን ምልክት ፈልጉና ከዚያ ጀምሩ።

አንድም ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ግን ሦስት ቁጥር ጻፉ። አንደኛ፣ ማሽኑ የታዘዘበት ዲግሪ። ሁለተኛ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው የሳጥኑ አየር። ሦስተኛ፣ የዕቃው የራሱ ሙቀት፤ ሹል ዘንግ ባለው ቴርሞሜትር ከካርቶኑ መሃል የሚለካው። እነዚህን ሳይጠይቅ ጌጅ (የጋዝ ግፊት መለኪያ) የሚያወጣ መካኒክ እየገመተ ነው። የስህተት ኮድ ካለም ፎቶ አንሱት። ብዙ ሰው ኮዱን ያጠፋና ያስነሳል፤ በኋላ ለመካኒኩ የሚናገረው ያጣል።

ሌላም አለ። ብዙዎቹ ማሽኖች ራሳቸው ጠፍተው ራሳቸው ይነሳሉ። ማብሪያውን ሳትዘጉና ባትሪውን ሳትነቅሉ እጃችሁን ወደ ቺንጋ (የሞተሩ ቀበቶ) እና ወደ ፋን አታስገቡ።

ሌሊቱን ሙሉ ሠርቶ ዕቃው አልቀዘቀዘም

የሳጥኑ አየር 4 ዲግሪ፣ የዕቃው መሃል 14 ዲግሪ ከሆነ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ዕቃው ሞቆ ነው የተጫነው። ጋቢ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የለበሰውን ሰው ሙቀት ነው የሚይዘው። የፍሪጅ መኪናም እንዲሁ ከእርሻው ቀዝቃዛ ክፍል የተረከበውን ቅዝቃዜ ነው የሚይዘው። የሞቀ ዕቃ እንዲያቀዘቅዝ አልተሠራም፤ አቅሙም የለውም።

አበባ ላይ ነገሩ ይብሳል። ጽጌረዳ ከተቆረጠ በኋላም ይተነፍሳል። ሲተነፍስ ሙቀት ያወጣል። በሞቀ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይተነፍሳል። ሞቆ ታሽጎ እርስ በርሱ የተደራረበ ካርቶን መሃሉ ላይ ራሱን እያሞቀ ነው የሚጓዘው። ከውጭ የሚነፍሰው ቀዝቃዛ አየር የካርቶኑን ቆዳ ብቻ ይነካዋል።

መፍትሄው እርሻው ላይ ነው። ካርቶኑ ከታሸገ በኋላ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ቀዝቃዛ አየር በፋን ተስቦ እንዲያልፍ ይደረጋል። መሃሉ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ እስኪደርስ ይጠበቃል። ከዚያ በኋላ ይጫናል። ሹፌሩ ሲረከብ ይለካ። የለካውን ቁጥር ደግሞ መላኪያው ወረቀት ላይ ያስጽፍ። ቦሌ ደርሶ «መኪናህ ነው ያሞቀው» ሲባል የሚያድነው ያ ቁጥር ነው።

ሳጥኑም ባዶውን መቀዝቀዝ አለበት። ፀሐይ ላይ ውሎ የመጣ ሳጥን ግድግዳው ራሱ ሙቀት ጠጥቷል። ከመጫኑ በፊት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት በሩ ተዘግቶ ይሥራ። በሩ ተከፍቶ መጫን ሲጀመር ግን ማሽኑ ይጥፋ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፤ «እየተጫነ ቢቀዘቅዝ ምን አለበት?» ይላል። በሩ ክፍት ሆኖ ፋኑ ሲዞር ቀዝቃዛውን አየር ወደ ውጭ ይገፋል፣ የውጭውን እርጥብና ሙቅ አየር ይስባል። ያ እርጥበት ኢቫፖሬተሩ ላይ፣ ማለትም የሳጥኑን አየር የሚያቀዘቅዙት ቱቦዎች ላይ፣ በረዶ ሆኖ ይቀመጣል። ጉዞው ሳይጀመር ማሽኑን አሳመማችሁት ማለት ነው።

ዕቃው ቀዝቅዞ ተጭኖ ሳለ ሳጥኑ ከሞቀስ? ያኔ በሩንና ግድግዳውን ጠርጥሩ። ቀላሉ ፍተሻ ይሄ ነው፤ ቀን ላይ አንድ ሰው ባዶው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል። በጠርዙ ብርሃን ከታየ አየርም ይገባል። ውጭ በሩን የሚከፍት ሰው መቆሙን ሳታረጋግጡ ግን ማንም አይግባ። ሌላው መንገድ ወረቀት በሩ ላይ ዘግቶ መሳብ ነው። ያለ ጭንቅ ከወጣ የበሩ ጎማ ደክሟል። ጎማ መቀየር ከአንድ ዙር ጋዝ ሙሌት ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነው።

የግድግዳው ነገር ይከብዳል። ፎርክሊፍት የወጋው ላሜራ ውስጥ ውሃ ይገባል፤ ፎሙ ውሃ ጠጥቶ ይቀራል። ውሃ የጠጣ ፎም ሙቀት አይከለክልም። ማሽኑ እየሠራ ሳለ የሳጥኑን የውጭ ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። አንድ ቦታ ለይቶ ከቀዘቀዘ ወይም ካላበ ችግሩ እዚያ ነው። ላሜራው ተከፍቶ እርጥቡ ፎም ወጥቶ በአዲስ መተካት አለበት። ላዩን በሲሊኮን መለሰን ውሃውን ውስጥ ማሰር ነው።

ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል

ይሄ የትናንሾቹ የጭነት መኪናዎች ጣጣ ነው። የእነሱ ኮምፕረሰር፣ ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረው ክፍል፣ የራሱ ሞተር የለውም፤ በቺንጋ ከመኪናው ሞተር ነው የሚዞረው። መኪናው በሚኒሞ (ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲቆም ኮምፕረሰሩም ይንቀራፈፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ጭራሽ ይቆማል። የአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዓት ሞተር አጥፍቶ የቆመ መኪና ሁለት ሰዓት ያለ ማቀዝቀዣ ቆሟል። ቀላል ስሌት ነው፤ ግን ይረሳል።

መጀመሪያ ቺንጋውን እዩ። ላልቶ ከሆነ ወይም ካረጀ በሚኒሞ ይንሸራተታል፤ ሲጮህም ትሰማላችሁ። ቺንጋው ደህና ከሆነ ሚኒሞውን አምራቹ በሚፈቅደው ልክ ከፍ ማድረግ ይቻላል። ማሽኑ የኤሌክትሪክ ሞተር ያለው ዓይነት ከሆነ ደግሞ ወረፋ ቦታ ላይ መሰካት ነው። ሁለቱም ካልሆነ ችግሩ የጉዞ ፕሮግራም ነው። መኪናው ደርሶ ከሚጠብቅ ዕቃው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቢጠብቅ ይሻላል።

የራሱ ናፍጣ ሞተር ያለው ትልቁ ማሽን ይሄ ችግር የለበትም። እሱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው፤ ነዳጅ ለመቆጠብ መንገድ ላይ የሚያጠፉት አሉ። ማሽኑ እንደ መጠኑና እንደ ሥራው በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። ሦስት ሰዓት በማጥፋት የሚተርፈው ናፍጣ የአንድ ፓሌት አበባን ዋጋ አይሸፍንም። ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ቆጣሪ አለው። ባለንብረቶች፣ እሱን ከጉዞው ሰዓት ጋር አስተያዩት።

ስክሪኑ 2 ይላል፣ ከኋላ ያለው ካርቶን ሞቋል

ስክሪኑ አልዋሸም። በአብዛኛው የሚነግራችሁ ወደ ማሽኑ የሚመለሰውን አየር ሙቀት ነው። አየሩ ከፊት ወጥቶ፣ በጣሪያው ሄዶ፣ በኋለኛው በር ወርዶ፣ በወለሉ በኩል መመለስ አለበት። ካርቶን እስከ ጣሪያ ከተጫነ አየሩ ከፊት ያለውን ቁልል መትቶ እዚያው ይመለሳል። ስክሪኑ የዚያን አጭር ዙር ሙቀት ያነብና «ቀዝቅዟል» ይላል። የኋላው ጭነት አየር አላየም።

ሳጥኑ ውስጥ ግድግዳው ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር ካለ ከዚያ በላይ አትጫኑ። ከሌለ ራሳችሁ አስምሩ፤ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ይሁን። ከኋለኛው በር ጋርም ክፍተት ተዉ። ጣሪያው ላይ አየር የሚወስድ ሸራ ካለ ተቀዶ እንደሆነ እዩ። ከተቀደደ አየሩ በቀዳዳው ይወርድና ከኋላ ሳይደርስ ይቀራል። ወለሉ ልሙጥ ከሆነ ደግሞ ፓሌት ግዴታ ነው። ሥጋ ሲሆን በድኑ ይሰቀላል እንጂ አይከመርም።

ረዳቶች ቦታ ላለማባከን ብለው ፓሌት መካከል ያለውን ክፍተት በትርፍ ካርቶን ይደፍናሉ። ቅንነት ነው፤ ግን ያ ክፍተት የአየር መንገድ ነው።

በረዶ ጋገረ፣ ነፋሱ ደከመ

ፋኑ ይዞራል፤ የሚወጣው ነፋስ ግን ትንፋሽ ብቻ ነው። ኢቫፖሬተሩን ከፍታችሁ ስታዩት ነጭ ግንብ ሆኗል። በረዶ ሲጋገር አየር አያልፍም፤ አየር ካላለፈ ሳጥኑ ይሞቃል። እዚህ ቦታ ላይ ነው ብዙ ጊዜ «ጋዝ አልቋል» የሚባለው።

በእጅ የሚያስጀምሩት የማሟሟቂያ ቁልፍ አለ፤ እሱን ተጫኑና እስኪጨርስ ጠብቁ። በቢላ ወይም በካቻቪቴ አትፈርፍሩት። ቱቦው ከተበሳ ያኔ በእርግጥም ጋዙ ያልቃል።

ከሟሟ በኋላ ለምን እንደጋገረ ፈልጉ። የተሟሟው ውሃ የሚወጣበት ቱቦ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል። የአበባ ቅጠልና የካርቶን ብጥስጣሽ ይደፍነዋል፤ ውሃው እዚያው ቆሞ እንደገና በረዶ ይሆናል። ውሃ አፍስሱበት፣ ከታች መውጣቱን እዩ። ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው ጎማ አየር ወደ ውስጥ እንዳይገባ የምትከለክል ናትና ወድቃ ከሆነ መልሷት። ቱቦው ንጹህ ከሆነ ማሽኑ በየስንት ሰዓቱ እንዲያሟሟ እንደታዘዘ ተመልከቱ። በሩ ብዙ ጊዜ የሚከፈት የከተማ ማከፋፈያ መኪና ከረጅም መንገድ መኪና በላይ ቶሎ ቶሎ ማሟሟት ይፈልጋል። እሱም ልክ ከሆነ የማሟሟቂያው ሴንሰር ወይም ማሞቂያው ተበላሽቷል፤ ያ የመካኒክ ሥራ ነው።

አዲስ አበባ ደህና ነበር፣ አዋሽ ላይ ቆመ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ጅቡቲ ባሕሩ ዳር ነው፤ በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። አንድ መኪና በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ያያል። ደጋ ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ የቆሸሸ ኮንደንሰር (ሙቀቱን ውጭ የሚያራግፈው ክፍል) እንኳን ይሠራል። አፋር ሲገባ ግን ሙቀቱን ማራገፍ ያቅተዋል። ግፊቱ ይወጣል፣ መከላከያው ማሽኑን ያጠፋዋል። ቀዝቀዝ ሲል ይነሳል፣ ትንሽ ሠርቶ ደግሞ ይጠፋል። ይህ መመላለስ የኮንደንሰር ፊርማ ነው።

ኮንደንሰሩን በፋኖስ እዩት። በአቧራ፣ በገለባና በነፍሳት ተደፍኖ ይሆናል። ቀዝቅዞ ሳለ አየሩ ከሚገባበት በተቃራኒ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ ውሃ እጠቡት። ከውጭ ወደ ውስጥ ካጠባችሁት ቆሻሻውን ጠልቆ እንዲገባ ነው የምታደርጉት። የመኪና እጥበት ቤት ከባድ ግፊት ስስ ክንፎቹን ያጣጥፋል፤ ከዚያ በኋላ አየር አያልፍባቸውም። ከታጠበ በኋላ የፋኑን ቺንጋ በአውራ ጣት ተጫኑ። ከአንድ ጣት ውፍረት በላይ ከሰመጠ ይጥበቅ።

ታጥቦም ካልዳነ ወደ ኋላ አስታውሱ፤ ሰሞኑን ጋዝ ተሞልቷል? ጧት በአዲስ አበባ ብርድ በግምት የተሞላ ጋዝ እዚያ ሲታይ ልከኛ ይመስላል። ቆላ ሲወርድ ትርፉ ግፊት ሆኖ ይመጣል። ጋዝ የሚሞላው በሚዛን ነው። በማሽኑ ላይ የተለጠፈችው ብረት ስንት ኪሎ እንደሚፈልግ ትናገራለች። ሚዛን የሌለው ሰው ጋዝ አይሙላላችሁ።

ጋዝ በየወሩ ይሞላል

አሁን ጋዝ እውነተኛ ተጠርጣሪ የሆነበት ቦታ ደረስን። ምልክቱ፤ በጋዙ መስመር ላይ ባለችው ትንሽ መስታወት ውስጥ ማሽኑ ሙሉ እየሠራ ሳለ የማያቋርጥ አረፋ ይታያል፣ ሳጥኑም ቀስ በቀስ በሳምንታት ውስጥ እየደከመ ይመጣል። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ስለሚወጣ መገጣጠሚያው ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ታያላችሁ። እዚያ ላይ የሳሙና አረፋ አድርጉ።

የሚፈስባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የጎማ ቱቦ መገጣጠሚያዎች፣ የኮምፕረሰሩ ዘንግ የሚወጣበት ማሸጊያ፣ ክዳኗ የጠፋ የመሙያ ቫልቭ። መንስኤው በአብዛኛው ንዝረት ነው። ንዝረት የዚህ ሙያ የመጀመሪያ ጠላት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ፈጣሪ የሠራው የጭነት መኪና ማቀዝቀዣ ዝና ያተረፈው የመንገድን ነውጥ በመቻሉ ነው። ከአጋሩ ከጆሴፍ ኑሜሮ ጋር የጀመሩት ድርጅት ነው ዛሬ ቴርሞ ኪንግ የሚባለው። እኛ አገር ሹፌሩ ማንኛውንም የመኪና ማቀዝቀዣ «ቴርሞኪንግ» የሚለው ከዚያ የተነሳ ነው። እና ቱቦዎቹን የሚይዙትን ማሰሪያዎች አጥብቁ። የላላ ማሰሪያ ዛሬ ይንቀጠቀጣል፣ ከወር በኋላ ይፈሳል።

ቀዳዳ ለመፈለግ ሲስተሙን በግፊት መሙላት ካስፈለገ በናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን በፍጹም! ከኮምፕረሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ጋራዥ ውስጥ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ወደ ማሽናችሁ ሲጎተት ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ።

ቀዳዳው ከተደፈነ በኋላ አየሩና እርጥበቱ በቫክዩም ፖምፓ ይወጣል። የአዲስ አበባ መካኒኮችን ግራ የሚያጋባ ነገር እዚህ አለ። ጌጁ ላይ ሙሉ ቫክዩም 30 ኢንች ተብሎ ተጽፏል። ያ ግን ለባሕር ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ፖምፓው ምንም ጥሩ ቢሆን መርፌው 22 ወይም 23 ኢንች ገደማ ላይ ይቆማል። ይህን የማያውቅ ሰው «ይፈሳል» ብሎ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል። ወይም ፖምፓውን ይቀይራል። ትክክለኛው መሣሪያ በማይክሮን፣ በጣም ትንሽ የግፊት መለኪያ፣ የሚለካው የቫክዩም ጌጅ ነው። ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ፣ ፖምፓው ሲዘጋ እዚያው አካባቢ ከቆየ ሲስተሙ ደርቋል፣ አይፈስም።

የግፊት ንባብም ላይ ያው ጣጣ አለ። አዲስ አበባ ላይ ጌጁ ከባሕር ዳርቻው ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ከፍ ብሎ ያነባል። ግፊቱን ወደ ዲግሪ የሚቀይረው ሰንጠረዥ ደግሞ ለባሕር ወለል የተሠራ ነው። ጋዙ አር-404ኤ የሚባለው ዓይነት ከሆነና ኢቫፖሬተሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ከሆነ ስህተቱ ሁለት ዲግሪ ገደማ ነው። አር-134ኤ ላይ ግን አራት ዲግሪ ገደማ ይሆናል። በዚህ ስህተት ጋዝ የሚቀንስም የሚጨምርም አለ። ሰንጠረዡን ከማየታችሁ በፊት ከንባቡ ላይ 3 ተኩል ቀንሱ። እዚሁ ደጋ ላይ ለሚሠራ መካኒክ ይቺን ጌጁ ጀርባ ላይ መጻፍ አይጎዳም።

ሲሞላ ደግሞ የጋዙ ዓይነት ማሽኑ ላይ የተጻፈው ይሁን። አር-404ኤም ሆነ በቅርቡ የመጣው አር-452ኤ ቅልቅሎች ስለሆኑ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነታቸው ነው የሚወጡት። «ያው ጋዝ ነው» እያለ ያገኘውን የሚቀላቅል ሰው ኮምፕረሰራችሁን እየገደለ ነው።

ማሽኑ አይነሳም

ባትሪ። ተርሚናሉን አጽዱ፣ አጥብቁ፣ ከዚያ ሞክሩ። ካልሆነ ናፍጣ። ማሽኑ የራሱ ታንከር አለው፤ የመኪናው ሙሉ ሆኖ የእሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ታንከሩ ባዶ ሆኖ ከነበረ መስመሩ ውስጥ አየር ገብቷልና ነዳጅ ከተሞላ በኋላ አየሩን ማስወጣት ያስፈልጋል። መንገድ ላይ በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ከነበረ የፊልትሮውን ውሃ አውጡ፤ ፊልትሮውን ቀይሩ።

ተነስቶ ወዲያው ከጠፋ ግን በኃይል ደጋግማችሁ አታስነሱት። ዘይትና የራዲያተር ውሃ እዩ። መከላከያው የሚያጠፋው ሞተሩን ሊያድን ነው። መከላከያውን በሽቦ አገናኝተው የሚያስነሱ አሉ፤ ሞተሩ ሲነክስ ከዕቃውም በላይ ይከስራሉ።

ሶኬት ላይ ሲሰካ ይሠራል፣ ግን አያቀዘቅዝም

ባለሦስት ፌዝ መስመር ላይ ፌዙ ከተገለባበጠ ሞተሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ድምፅ አለ፣ ነፋስ የለም። አዲሶቹ ማሽኖች ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አሮጌዎቹ ግን አያስተካክሉም። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለቱን ሽቦ ይለዋውጥ። አንድ ፌዝ ከጠፋ ደግሞ ሞተሩ እያቃሰተ ይሞቃል። ወዲያው ንቀሉት፤ ይቃጠላል። ቀጭንና ረጅም ኬብልም ቮልቴጁን ያወርደዋል። የሶኬቱን ቮልቴጅ ማሽኑ እየሠራ ሳለ ለኩ፤ ሥራ ሳይኖር ያለው ንባብ ምንም አይነግራችሁም።

ዕቃው በረዶ መታው ወይም ጠቆረ

ሁሉም ዕቃ በቀዘቀዘ ቁጥር ይጠቀማል ማለት ስህተት ነው። ሙዝ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ልጣጩ ይጠቁራል፤ ቢሞቅም አይመለስም። የሃስ አቮካዶ 5 ወይም 6 ዲግሪ ላይ ነው የሚጓዘው፤ ከዚያ ብዙ ከወረደ ውስጡ ይበላሻል። ክትባት ከ2 እስከ 8 ነው። እንደ ፔንታቫለንትና ሄፓታይተስ ቢ ያሉት አንዴ በረዶ ከሆኑ አበቃ፤ ሟሙቶ ደህና ቢመስልም ሥራው ጠፍቷል። በጠርሙሱ ላይ ያለችው ቀለም የምትቀይር ምልክት ሙቀትን እንጂ ብርድን አትናገርም።

መጀመሪያ የታዘዘውን ዲግሪ ተመልከቱ። ቀድሞ የበረዶ ዶሮ ጭኖ የነበረ መኪና ከዜሮ በታች 18 ላይ እንደታዘዘ አትክልት ተጭኖበት ሊሆን ይችላል። ይሄ ትክክል ከሆነና የተጎዱት ከፊት ያሉት ብቻ ከሆኑ ነፋሱ በቀጥታ እየመታቸው ነው። ራቅ አድርጓቸው ወይም ሸፍኗቸው። ሁሉም ከተጎዳ ሴንሰሩ ሞቅ አድርጎ እያነበበ ነው፤ ማሽኑም አምኖት ሳያቋርጥ ያቀዘቅዛል።

የማሽኑን አሠራር ዘዴም እዩ። እየጠፋ የሚነሳው ዘዴ ለበረዶ ዕቃ ነው። አበባና ፍራፍሬ ሲጫን ሳያቋርጥ በሚነፍሰው ላይ ይሁን።

ሙቀቱ ልክ ነበር፣ አበባው ግን ረገፈ

ከአበባው ጋር ምን ተጭኖ ነበር? ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ፖም ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ። አበባ እሱን አይወድም፤ ቅጠሉ ይረግፋል፣ መልኩም ይጠፋል። ቀሪ ቦታ አለ ብሎ ጥቂት ካርቶን ሙዝ መደረብ ሙሉውን ጭነት ያስከፍላል። ትናንት ፍራፍሬ ጭኖ የነበረ ሳጥንም ታጥቦና ተናፍሶ ይጫን።

ሁለት ቴርሞሜትር፣ ሁለት ወሬ

የተፈጨ በረዶ በብርጭቆ ሙሉ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ። ዘንጉን መሃል ላይ ይዛችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ዜሮ ማንበብ አለበት። ስንት እንደሳተ ቴርሞሜትሩ ላይ ለጥፉ። በፈላ ውሃ ለመፈተሽ አትሞክሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ጤነኛውን ቴርሞሜትር ጥፋተኛ ታደርጉታላችሁ።

መንገድ ላይ ከሞተ

በሩን አትክፈቱ። «እስቲ እንየው» እያሉ መክፈት ነው ቀሪውን ቅዝቃዜ የሚጨርሰው። ጥላ ፈልጉና የሳጥኑን ረጅም ጎን ከፀሐይ አዙሩ። በደንብ የቀዘቀዘ፣ የሞላና በሩ የተዘጋ ጭነት ጥቂት ሰዓት ይታገሳል፤ ግማሽ የተጫነ ሳጥን ግን ቶሎ ይሞቃል።

ማሽኑ የቆመበትን ሰዓትና በዚያን ጊዜ የነበረውን ዲግሪ ጻፉ። ለባለንብረቱ ከዚያ ደውሉ፤ ጥገናው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ መስሎ ከታያችሁ ተለዋጭ መኪና አብሮ ይጠየቅ። የሚመጣው መኪና ባዶውን ቀዝቅዞ ይምጣ። ዕቃው የሚዛወረው ሁለቱን በር ለበር አስጠግቶ፣ ቢቻል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው።

ዕቃው ክትባት ወይም መድኃኒት ከሆነ ሹፌሩ ደህና ነው ወይም ተበላሽቷል ብሎ አይወስን። ለይቶ፣ «እስኪጣራ አይሰጥ» ብሎ ጽፎበት፣ በቅዝቃዜው እንደያዘው ያስረክብ። የሙቀት መመዝገቢያውንም ሳያጠፋ አብሮ ይስጥ።